አደይ ለተብርሃን የለቀሙት አፈር

ኅዳር ሚካኤል ጠዋት ጎመን ልቀጥፍ ጓሮ ወርጄ ጭስ ሸተተኝ። ዛሬ ዛሬ ቆሻሻ አታቃጥሉ፣ አየር ይበከላል ይባላል፤ እውነትም ነው፣ እኔም ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ግን ከኢምፔሪያል ጀርባ ከቀሩት አሮጌ ግቢዎች በአንዱ ምክር የማይሰማ እንደ እኔ ያረጀ ሰው አለ መሰለኝ፤ የደረቀ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳና ያለቀለት ሰሌን አንድ ላይ ሲጨሱ የሚሰጡት ያ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መጣብኝ። በልጅነቴ ጉለሌ፣ ካገባሁም በኋላ እዚሁ ገርጂ፣ ኅዳር ሲታጠን ከተማው በሙሉ ጭስ ለብሶ ይውል ነበር። በሽታ ይወጣል ይባላል። በሽታው ይውጣ አይውጣ እንጃ፣ የእኛ ዓይን ግን ሲያለቅስ ይውላል። ጎመኑን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጎመን ማለቴም ለክብሩ ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ፣ አገዳው ከጣቴ የማይወፍር፣ ለአንድ ድስት እንኳ የማይሞላ ነገር ነው።

ሽታው ይዞብኝ የመጣው አማቴን አደይ ለተብርሃንን ነው። የባለቤቴ የተስፋይ እናት ናቸው፣ ነፍስ ይማር። ከትግራይ፣ ከአጋመ ወደ አዲስ አበባ የመጡት ለሠርጋችን ነበር፤ ከሠርጉ በኋላ መመለሱ ተረሳ፣ እኛም አላስታወስናቸውም፣ ደግ አደረግን። ሰፈሩ በሙሉ በትግርኛው አደይ፣ እናቴ፣ ይላቸው ነበር፣ የወለጋውም የሐዲያውም የጎንደሩም ጎረቤት። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል የግቢውን ጥራጊ ሁሉ ከማድ ቤቱ ጀርባ ካለችው ጥግ ሰብስበው ያቃጥላሉ። ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የምድጃው አመድ፣ የእንቁላል ቅርፊቱ፣ የድንች ልጣጩ፣ የቡና አተላው መሄጃው እዚያችው ጥግ ነው። እዚያ ዱባ ቢጥሉ የጥጃ ያህል ሆኖ ይወጣል። የአደይ ኩራት ያቺ ጥግ ነበረች፤ እንግዳ ሲመጣ ሳሎን ከማስገባታቸው በፊት ያሳዩዋታል።

ይህን እያሰብኩ ልጄ ኤልያስ ለበዓሉ ብሎ መጣ። የመጨረሻ ልጄ ነው፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ አለው፣ ጸጉሩ መሳሳት ጀምሯል፣ ለእኔ ግን ገና ልጅ ነው። የያዝኩትን ጎመን አየና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ። በልቡ ይዞት የመጣው ነገር እንዳለ ያኔ ገባኝ።

«እማዬ፣ ይሄ ጓሮ አንቺንም ጨረሰሽ፣ እሱም አለቀ» አለኝ። «እዚህ ጋ ሁለት ሰርቪስ ክፍል እንሥራ፤ የቀረውን ሊሾ እናድርገው፣ ለፓርኪንግም ይሆናል። ኪራዩ ላንቺ ነው። ጉልበትሽም ያርፋል። እህቴም ተስማምታለች፣ ኮንትራክተሩንም አናግሬዋለሁ።»

«እኔንስ መቼ ልታናግሩኝ ነበር?»

«አሁን እያናገርኩሽ አይደል እንዴ! አፈሩ አልቆበታል እኮ እማዬ፣ ጎመኑን እዪው።»

ደሜ ፈላ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ባለፈው ክረምት ተንሸራትቼ ስወድቅ ያነሳኝ እሱ ነው፣ የሚያስበው ለእኔ ነው። ግን ሊሾ! አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጓሮ፣ ተስፋይ የተከለው የሎሚ ዛፍ፣ አደይ የኮተኮቱት መደብ፣ በአንድ ቀን ሲሚንቶ ፈሶበት የሰው መኪና ዘይት ሊያንጠባጥብበት ነው።

«አፈር እንደ ሳሙና አያልቅም» አልኩት። «ይመርመር። አልቆበታል ካሉ በሊሾ ሸፍነው፣ አፌን አልከፍትም። አላለቀበትም ካሉ ግን ይህችን ነገር ዳግመኛ እንዳታነሳብኝ።»

ትንሽ አሰበና «እሺ፣ ቃል ነው» አለ። ኤልያስ ቃል ካለ ቃል ነው፤ በዚህ አባቱን ነው የወጣው። በዚያ ቀን ተስማምተን በላን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጓሮዬን በአንድ ፌስታል አፈር አስይዤ መወራረዴ ነበርና።

ስለ አፈር ምርመራ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ ስንዱ ናት። እሷን ለማስታወስ መጀመሪያ ያን ጊዜ የነበረውን ገርጂ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ጋር በማህበር ተደራጅተን እዚህ ቦታ ሲሰጠን የጉለሌ ጓደኞቼ አዘኑልኝ። «ዘነበች፣ ጅብ ሊበላሽ ነው» አሉኝ። አልተሳሳቱም፣ ጅቡ ነበር። አሁን ሱፐርማርኬቱና የጥርስ ክሊኒኩ ያሉበት ቦታ ስንዴና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ነበር፤ ሽምብራው ሲያሽት በመንገድ ያለፈ ሁሉ እሸቱን ነቅሎ እየፈለፈለ ነው የሚሄደው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ይውጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። መብራት የመጣው ከገባን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ታክሲ እስከ እኛ አይደርስም፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀባው ትንሹ ፊያት ሹፌር «ገርጂ» ስትይው እንደ ስድብ ነበር የሚቆጥረው። ዛሬ ኢምፔሪያል ጋ ቆሜ የሚኒባሱ ረዳት «ገርጂ! ገርጂ! ሁለት ሰው!» እያለ ሲለምነኝ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰው ያማታል ሳይለኝ አይቀርም።

እኔ ያን ጊዜ ታይፒስት ነበርኩ። ታይፒስት ደግሞ ጭቃ ነክቷት ቢሮ አትገባም። ተረከዛም ጫማዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እይዝና በሸራ ጫማ ጭቃውን እሻገራለሁ፤ ኦሎምፒያ ስደርስ ከአንድ ዳቦ ቤት ግድግዳ ተደግፌ እቀይራለሁ። ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው ሙቀትና ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ዳቦው በሳንቲም የሚገዛ፣ ቅርፊቱ በጥርስ ሲነከስ የሚጮህ ዳቦ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት አፍሮ ያበጠረች፣ ካኪ ሱሪ የለበሰች ወጣት ከእኔው ጎን ግድግዳውን ተደግፋ ትልቅ ቡት ጫማ ከእግሯ ለማውለቅ ትታገላለች። ከቡቱ ላይ የሚረግፈው ጭቃ የእኔው ጥቁር መረሬ ነው። ጫማዬንና ጫማዋን እያፈራረቀች አየችና «አንቺም የጭቃ ልጅ ነሽ?» አለችኝ። በዚያች በአንዲት ጥያቄ ጓደኛሞች ሆንን።

ስንዱ አፈር የሚመረምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ፣ ትከሻዋ ላይ እንደ ትልቅ ቡሽ መንቀያ የተጠማዘዘ የመሬት መብሻ ተሸክማ ታክሲ ስትገባ ሰው ሁሉ አንገቱን ያዞራል። እሷ ግድም አልነበራት። ደመወዝ የወጣ ቀን ኦሎምፒያ ሚልፎሊ ኬክ በማኪያቶ እንበላለን፤ ሁለታችንም ጠግበን ከአምስት ብር መልስ ይተርፈናል፣ በተረፈው ደግሞ የጸጉር ማስያዣ እንገዛለን። ካፌው ውስጥ ካሴት ይዘፍናል፣ ዘፈኑን ስንዱ ከዘፋኙ አስቀድማ ትጨርሰዋለች። እሁድ እሁድ ገርጂ ትመጣለች፤ አደይም «ያቺ ወንዳወንድ ጓደኛሽ መጣች» ብለው ለእሷ ለብቻ የአገራቸውን የገብስ ምግብ፣ ጥህሎ ያዘጋጃሉ።

በዘመቻ የምንኖርበት ጊዜ ነበር። ለማንበብ ዘመቻ፣ ለዛፍ ዘመቻ፣ ለንጽህና ዘመቻ፤ የጓሮ አትክልትም የራሱ ዘመቻ ነበረው። እኛስ ያለ ዘመቻውም ጓሯችን ነበር ያቆመን። ስኳር በራሽን፣ ዘይት በሰልፍ ሲሆን፣ የአደይ ጎመንና ቆስጣ ግን ሰልፍ አያውቅም። የተረፈውን ሾላ ገበያ ወስደው ይሸጡታል፤ በሸጡበት ደግሞ ለእኔ የማይነግሩኝን ነገር ይገዛሉ፣ አንዴ ለተስፋይ የተትረን ሸሚዝ፣ አንዴ ለእኔ አበባ የታተመበት ሻሽ። ያን ሻሽ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

አንድ እሁድ ስንዱ «አደይ፣ ከጓሮዎ ትንሽ አፈር ያዘጋጁልኝና ልመርምርልዎ፤ ምን እንደጎደለው እንወቅለት» አለች። አደይ ደስ አላቸው። በሚቀጥለው እሁድ ስንዱ ስትመጣ አፈሩ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። እንዴት እንደተዘጋጀ ልንገራችሁ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ከዚያች ከኩራታቸው ጥግ ተቆፈረ። ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጣ። በወንፊት ተነፋ። ሰፌድ ላይ ተደርጎ ጠጠሩና ስንጥሩ አንድ በአንድ ልክ እንደ ምስር ተለቀመ። ከዚያ ዳር ዳሩ አበባ ያለው የእንግዳ ሳህን ላይ ሆኖ፣ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በሁለት እጅ ቀረበ። ስንዱ ጨርቁን ስትገልጥ ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ባለሙያ ናት፤ አፈር እንዲህ እንደማይወሰድ ታውቃለች። ነገር ግን በሁለት እጃቸው የሚያቀርቡላትን የጓደኛዋን አማት እንዴት «ይህ አይሆንም» ትበላቸው? ይሉኝታ ያዛት። «አፈር እንዲህ ተከብሮ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች።

ውጤቱ መጣ። ምንም አይጎድለውም። እንዲያውም ፖታሽየም የሚሉት ከልክ በላይ ሞልቷል፣ ምንም አትጨምሩበት ተባለ። አደይ ውጤቱን ለሰፈሩ ሁሉ አወሩት፣ ልጅ ማትሪክ ያለፈላቸው ነበር የሚመስሉት። የላቦራቶሪን ቃል አክብረን፣ ከብት ካላቸው ጎረቤቶቻችን በነጻ እናመጣው የነበረውን ፍግ ተውነው። የሚቀጥለው ዓመት ጎመን ቢጫ ሆነ። ጥቅል ጎመኑ ከጡጫ አልበለጠም። ሾላ የሚወሰድ ነገር ጠፋ፣ ለድስታችንም አነሰ። አደይ ለስንዱ የሚያዘጋጁት ጥህሎ ቀረ፤ «ላቦራቶሪሽ ዋሽቶናል» አሏት ፊት ለፊት። ስንዱ አንገቷን ደፋች፣ እኔም በሁለቱ መሀል መቆሚያ አጣሁ።

በታኅሣሥ፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ መሬት መብሻዋንና አንድ ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ ይዛ መጣች። በዚህ ጊዜ ይሉኝታዋን ቤቷ ትታው ነበር የመጣችው። «አደይ፣ ያን አፈር ከየት ነበር ያወጡልኝ?» አለቻቸው። አደይ የኩራታቸውን ጥግ አሳዩዋት።

«ይህ እኮ አመድ ነው አደይ! የግቢው አፈር አይደለም፣ የምድጃዎ ነው። ለምን ጎመኑ ካለበት አላወጡልኝም?»

«እንግዳ ቤቴ ሲመጣ ያረረውን ላቅርብለት?» አሉ አደይ። «የቤቴን ጉድለት ለማላውቀው ላቦራቶሪ ልስደድ? ያለኝን ጥሩውን ነው የሰጠሁሽ ልጄ፣ ጓለይ።»

«ሐኪም ቤት ሲሄዱ እኮ የሚያሳዩት የሚያምዎትን ነው።»

«የሚያመኝን ባሳይም ታጥቤ ነው የምሄደው!»

ስንዱ ሳቀች፣ አደይም ሳይወዱ በግድ ሳቁ፣ ጥሉ እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ ያ ጠዋት በሙሉ ትምህርት ሆነ። አፈር የሚወሰደው ሰብሉ ተነስቶ፣ ዝናቡ ቆሞ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ነው አለች፤ ጨብጠሽው ስትለቂው እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ቆይ በይው። ፍግ ከተጨመረበት በኋላ ደግሞ አይሆንም፣ የምትመረምሪው ፍጉን ይሆናልና። ከአንድ ቦታ አይወሰድም፤ ጓሮውን ወዲያና ወዲህ እያጠማዘዙ እየሄዱ ከብዙ ቦታ ነው። «ሰክሮ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ይሂዱ አደይ» ስትላቸው አማቴ አማተቡ። በየቦታው ላይ ላዩን ቅጠልና ገለባ ጠርጎ አንድ ስንዝር ያህል መቆፈር፣ ከጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እንደ ድፎ ዳቦ ቁራሽ በስሱ መቁረጥ። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፤ ቆርቆሮ ከሆነ የራሱን ነገር አፈሩ ላይ ይጨምራል። አመድ የፈሰሰበትን፣ ቆሻሻ የተቃጠለበትን፣ የአጥሩን ሥር፣ የእግር መንገዱን መዝለል። የሁሉንም በባልዲው ውስጥ አደባልቆ፣ ጋዜጣ ላይ በጥላ ማድረቅ፣ ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ጓሉን በእጅ ማፍረክረክ፣ ከዚያ ከድብልቁ ግማሽ ኪሎ ያህል በንጹሕ ፌስታል መቋጠር። አደይ ይህን ሁሉ ሰምተው «ይኼ ከድግስ በምን አነሰ?» አሉ።

አንድ ቦታ ግን አልተስማሙም። ከበሩ አጠገብ ያለችው ጥግ ቤቱ ሲሠራ ኖራና ፍርስራሽ የተደፋባት ናት፤ ሣር እንኳ አይበቅልባትም። አደይ እንግዳ እንዳያያት ጄራኒየም የተተከለባቸው የዘይት ጣሳዎች ደርድረውባታል። ስንዱ ጣሳዎቹን ልታነሳ ስትል አደይ እጇን ያዟት። «እሱን ተይው። እሱ ገበናዬ ነው።» ስንዱም «የታመመ ቦታ ከጤነኛው ጋር አይደባለቅም፣ ለብቻው በሌላ ፌስታል እናድርግልዎ፣ ስምም አንጽፍበትም» ብላ ለመነች። አልሆነም። ያቺ ጥግ እስከ ዛሬ ዶማ አልነካትም፤ ጣሳዎቹ ዝገው በፕላስቲክ ማሰሮ ተተኩ እንጂ እኔም አላነሳኋቸውም።

የሁለተኛው ምርመራ ውጤት እውነቱን ተናገረ። አፈሩ የተራበ ነበር። «አፈር አይሞትም አደይ፣ ይርበዋል እንጂ» አለች ስንዱ። ፍጉ ተመለሰ፣ ጎመኑም ተመለሰ፣ ጥህሎውም ተመለሰ። አደይ ከዚያ በኋላ ሾላ ገበያ ቁጭ ብለው ጎመን ለሚገዛቸው ሁሉ አፈር እንዴት እንደሚወሰድ ያስተምሩ ነበር አሉ፤ አካሄዱን እንኳ ሳያስቀሩ ተነስተው ያሳያሉ። ስንዱ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረች፤ ለእንቁጣጣሽ ካርድ እንላላክ ነበር፣ አንድ ዓመት ካርዱ አልመጣም፣ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች አላውቅም። አደይም አረፉ፣ ተስፋይም ተከተላቸው። ይህን የአፈር ታሪክ ልጆቼ ከእኔ አፍ መቶ ጊዜ ሰምተውታል፤ እኔ ስጀምር እነሱ ናቸው የሚጨርሱት። ጓሮውን ግን፣ ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ፣ ፍግ ያየበት ዓመት ትዝ አይለኝም። የተራበ መሆኑን አውቃለሁ። ላቦራቶሪው የተራበውንና ያለቀበትን ለይቶ ይነግረኝ እንደሆን ነበር ጭንቀቴ፤ ኤልያስ ደግሞ «ጉድለት አለው» የምትል አንዲት ቃል ከሰማ ይበቃዋል።

ታኅሣሥ ገባ፣ መሬቱ ጠፈፍ አለ። አንድ ቅዳሜ ኤልያስን ጠራሁትና እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አዛዥ፣ እሱ በነጭ ስኒከሩ ቆፋሪ ሆነ። ሲጀምር ቀጥ ብሎ በመስመር ሄደ።

«እንደ ሰካራም ነው የሚኬደው» አልኩት።

«አውቃለሁ፣ አደይ አማተቡ» አለና ሳቀ።

ስንዝሩን በእጁ እየለካ፣ ስልኩ ሲጠራ እየዘጋው፣ ከመደብ መደብ ተጠማዘዘ። ከሎሚው ወዲህ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ጎንበስ ብሎ አወጣው፤ የመስታወት ብይ ነበረች፣ መሀሏ አረንጓዴ ጭረት ያላት። እዚህ ጓሮ ስንት ብይ እንደቀበረ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። በሸሚዙ ጠረጋት፣ ወደ ብርሃን አድርጎ አያት፣ ኪሱ ከተታት። ከዚያ የቀረውን ቆፍሮ ጨረሰ። ከመሄዱ በፊት ግን ቆም ብሎ «ኮንትራክተሩ ከገና በኋላ እጀምራለሁ ብሏል» አለኝ፤ ድምፁ ግን መጀመሪያ ሲነግረኝ እንደነበረው አልነበረም።

አፈሩን ጋዜጣ ላይ በጥላ አደረቅሁት፣ በእጄ አፍረክርኬ ቋጠርኩት። ደርቆ ሲፈረከረክ ግራጫ ሆኖ እንደ አጥሚት ዱቄት ነበር የላመው። ኤልያስ ራሱ ላደርስልሽ ብሎ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ በራሱ ቁልፍ ገብቶ ወሰደው። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሌሊቱን ሊሾ በሕልሜ አያለሁ፣ ቀን ጎመኑን ሄጄ እዳስሳለሁ፣ እዳስሰዋለሁ እንጂ ምን ልለው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። የወጣት ሴት ድምፅ ነው።

«ማዘር፣ ወይዘሮ ዘነበች ነዎት? ናሙናው ላይ ስልክዎ ስላለ ነው፤ ውጤቱ ደርሷል። አፈርዎ በጣም ሀብታም ነው እኮ!»

«ሀብታም?»

«አዎ። ኦርጋኒክ ማተሩ አሪፍ ነው። ፖታሽየሙ እንዲያውም ኦቨር ነው፣ አመድ ምናምን ይጨምራሉ እንዴ? ለጊዜው ምንም አይጨምሩበት።»

አመስግኜ ዘጋሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ጓሮዬ ተርፏል፣ ቃል ቃል ነውና። እኔ ግን የሰማሁትን ሌላ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ተነስቼ ከማድ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። አደይ ሲያቃጥሉባት፣ እኔም እስካቆም ድረስ ሳቃጥልባት፣ ዛሬም ልጣጩንና ቅርፊቱን የምደፋባት ያቺ ጥግ መሀሏ ተቆፍሯል። ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ በጫማ ተረግጦ ተስተካክሏል። የተደፈነው ግን በእኔው አፈር ነው። ጥቁሩ አመዳም መሬት መሀል፣ በእጄ ያፈረከረክሁት ግራጫ ዱቄት ድፍን ብሎ ተቀምጧል። ልጄ የቋጠርኩለትን ፈትቶ እዚህ ደፍቶ፣ በፌስታሉ የአያቱን ጥግ አፈር ሞልቶ ነው የሄደው።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳላውቀው ለቅሶ ሆነ። ኮንትራክተሩን ያናገረው እሱ ነው፣ እህቱን ያሳመነው እሱ ነው፣ ከእኔ ጋር ቃል የተጋባው እሱ ነው። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ማለት ለእሱ ሞት ነው፣ ለአባቱም ሞት ነበር። ስለዚህ ላቦራቶሪው እንዲልለት አደረገ። ያለውን ጥሩውን በሁለት እጁ አቀረበ። እንዲህ ያለ ልጅ መውለዴን ሳስብ ልቤ ሞላ። ዝም ብል ደግሞ የሚሆነውን አውቃለሁ። «ምንም አትጨምሩበት» ያሉትን ሰምተን ያን ጊዜ የሆነውን አይቻለሁ፤ አፈሩ ዳግመኛ ሊራብ ነው፣ ጎመኑም ከቢጫ አልፎ ሊጠፋ ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት የሊሾው ወሬ በሌላ በር ሊመለስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ስኒከሩን ለብሷል።

«ደወሉ?» አለኝ፤ ዓይኑ የሎሚው ዛፍ ላይ ነበር።

«ደወሉ። ምንም አይጎድለውም አሉ።»

«እንግዲያ ቃል ቃል ነው» አለ በረጅሙ ተንፍሶ። «ለኮንትራክተሩ እነግረዋለሁ። እህቴም ውጤቱን ካየች ምን ትላለች፣ ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስማ ነው» አልኩ። «ስማ፣ ፍግ የሚያመጣ ሰው ነግሬያለሁ። ዛሬ ያራግፍልናል፤ ታግዘኛለህ።»

ፊቱን አዞረ። «አፈሩ ጥሩ ነው ካሉ ፍጉ ለምንድን ነው?»

«እነሱ ጥሩ ነው ያሉትማ የአደይ ለተብርሃንን አፈር ነው። ፍጉ ለእኛው ነው፣ ለተራበው።»

መጀመሪያ ጆሮው ቀላ፣ ቀጥሎ አንገቱ። ሄጄ ጉንጩን ሳምኩት፤ እንደ ልጅነቱ አልሸሸም።

ከግድግዳው ጥግ የቆመውን ዶማ አነሳ። ወደ ጎመኑ መደብ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አልፎ እስከ በሩ ድረስ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ጄራኒየሞቹን አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው አስጠጋ፣ ያቺን አደይ ለማንም ያላሳዩአትን ጥግ ገልጦ መቆፈር ጀመረ።